ነባሩ ተመራጭ ክርክር ሲሸሹ ጦርነትን የሚቃወም ተፎካካሪ ምን ማድረግ ይችላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ የምርጫ ዘመቻ በበጎ ፈቃድ እያገለገልሁ ነው። ዕጩአችን በፓርቲው ቅድመ ምርጫ የሚፎካከሩት በኮንግረስ ብዙ ዘመን ከቆዩ ተመራጭ ጋር ሲሆን፣ ዋናው ልዩነታቸው ጦርነት ነው። ነባሩ ተመራጭ ለጦርነት ወጪ ድምፃቸውን ሰጥተዋል፤ የእኛ ዕጩ ይቃወማሉ። ፊት ለፊት እንከራከር ብለን ደጋግመን ብንጽፍም መልስ አላገኘንም። እንዲከራከሩ የሚያስገድድ ሕግ የለም? ከሌለስ ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦

ለኮንግረስ መቀመጫ የሚወዳደርን ሰው ክርክር ላይ እንዲቀርብ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። በአንዳንድ ቦታዎች ክርክር ግዴታ የሚሆነው ከገንዘብ ጋር ሲተሳሰር ነው። የኒውዮርክ ከተማ ለከንቲባነትና ለሌሎች የከተማዋ ኃላፊነቶች ለሚወዳደሩ ሰዎች ከሕዝብ ካዝና የዘመቻ ድጎማ ትሰጣለች፤ በዚህ አሠራር የታቀፈ ዕጩም ከመድረክ መቅረት አይችልም። ኒውጀርሲም ለአገረ ገዥነት በሚደረገው ውድድር ተመሳሳይ አሠራር አላት። ለኮንግረስ ዕጩዎች ግን እንዲህ ያለ ድጎማ ስለሌለ ማስገደጃውም የለም። ስለዚህ ደብዳቤአችሁ ሕግን የሚጠቅስ ከሆነ ዳግመኛ አትላኩት፤ የተመራጩ ጠበቆች ፈገግ ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል።

ሕጉ የሚቆጣጠረው ተከራካሪውን ሳይሆን አዘጋጁን ነው። የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ደንብ ክርክር እንዲያዘጋጁ የሚፈቅደው ለመገናኛ ብዙኃንና፣ የትኛውንም ዕጩ ለማይደግፉም ለማይቃወሙም ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ነው። አዘጋጁ ማን እንደሚጋበዝ የሚወስንበትን መስፈርት አስቀድሞ ማውጣት አለበት፤ መስፈርቱ ለማንም ያላዳላ፣ መድረኩም ቢያንስ ሁለት ዕጩዎች የሚገኙበት መሆን ይኖርበታል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ እናንተን የሚጎዳ ነው። በውድድሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ካሉና አንደኛው ካልመጡ፣ ባዶ ወንበር አጠገብ የቀረውን ዕጩ ብቻውን ማናገር ለአንድ ወገን እንደተሰጠ እርዳታ እንዳይቆጠርበት አዘጋጁ ይሠጋል። ብዙ ጊዜም ዝግጅቱን ይተወዋል ወይም ወደ ተራ ቃለ መጠይቅ ይለውጠዋል። በዚህ ምክንያት የነባሩ ተመራጭ እምቢታ የእናንተንም ዕጩ ከመድረክ ያስቀራል።

«ቴሌቪዥን እኩል ሰዓት የመስጠት ግዴታ የለበትም ወይ?» የሚል ጥያቄም መከተሉ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው የኮሙኒኬሽን ሕግ ውስጥ እኩል ዕድል የሚባል ድንጋጌ አለ፤ ነገር ግን ዜናና የዜና ክንውኖች ከዚህ ድንጋጌ ውጭ ተደርገዋል፣ ከ1975 ጀምሮም ክርክር ከእነዚህ ክንውኖች እንደ አንዱ ይቆጠራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1998 ራልፍ ፎርብስ የተባሉ የአርካንሳስ ዕጩ ባቀረቡት ክስ ላይ በ6 ለ3 ድምፅ ውሳኔ ሰጥቷል፤ የመንግሥት ቴሌቪዥን እንኳ የጋዜጠኝነት ሚዛኑን ተጠቅሞ፣ የዕጩውን አመለካከት ጠልቶ እስካልሆነ ድረስ፣ የሕዝብ ድጋፍ የሌለውን ዕጩ ከክርክር ማስቀረት ይችላል ብሏል። የፍርድ ቤቱ በር ለእናንተ የተዘጋ ነው ብላችሁ ተነሡ።

እንግዲህ የሚቀረው ፖለቲካው ነው። ነባሩ ተመራጭ የማይከራከሩት ፈርተው ላይሆን ይችላል። ስማቸው የታወቀ ነው፤ ገንዘብ አላቸው፤ የፓርቲው ሹማምንት ከጎናቸው ናቸው። ከማይታወቅ ሰው ጋር አንድ መድረክ ላይ በቆሙ ጊዜ የሚያተርፈው ያ የማይታወቀው ሰው ነው። ዝም አይነቅዝም እንደሚባለው ዝምታቸው አንዳች አያስከፍላቸውም። ስለዚህ የእናንተ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ዝምታው ከክርክሩ የበለጠ የሚያስከፍላቸው እንዲሆን ማድረግ። ይህ በልመና አይመጣም፤ በቁጣም አይመጣም።

ይህን በምሳሌ ላሳይዎ፤ ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2006 በሁለት ጎረቤት ግዛቶች፣ በአንድ ፓርቲ (በዴሞክራቲክ ፓርቲ) ውስጥ፣ በአንድ ጦርነት ጉዳይ ሁለት ሴናተሮች ተፎካካሪ ተነሣባቸው። ሁለቱም በጥቅምት 2002 ሴኔቱ በ77 ለ23 ድምፅ የኢራቅን ጦርነት ሲፈቅድ «አዎ» ካሉት ወገን ነበሩ። አንደኛዋ የኒውዮርኳ ሂላሪ ክሊንተን፣ ሁለተኛው የኮነቲከቱ ጆሴፍ ሊበርማን ናቸው። ሊበርማን ተከራከሩ፤ ክሊንተን አልተከራከሩም።

የክሊንተን ተፎካካሪ ጆናታን ታሲኒ ነበሩ። የነፃ ጸሐፊዎችን ማኅበር የመሩ፣ ኒውዮርክ ታይምስን ከስሰው በጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 የረቱ የሠራተኛ መብት ሰው ናቸው። ከኢራቅ ፈጥኖ መውጣትን የዘመቻቸው ዋና ጉዳይ አደረጉ፤ ክርክርም ጠየቁ። የኒውዮርክ ከተማ የዜና ጣቢያ የሆነው ኒውዮርክ ዋን መድረክ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነበረ፤ ሆኖም ለመጋበዝ ሁለት መስፈርት አወጣ። አንደኛው በሕዝብ አስተያየት ጥናት 5 በመቶ ድጋፍ ማግኘት ነው፤ ታሲኒ ይህን አልፈዋል። ሁለተኛው 500,000 ዶላር ማሰባሰብና ማውጣት ነው፤ ይህ አልሆነላቸውም። ክሊንተን በዚያ የምርጫ ዘመቻ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል። አንዲት ሴናተር በሕይወትና በሞት ጉዳይ ላይ የሰጡትን ድምፅ ለማስረዳት መድረክ ላይ መቅረባቸው በተፎካካሪያቸው የባንክ ሒሳብ መወሰኑ ዛሬም ያንገበግበኛል። ገንዘብ የዕጩን ጽናት ይለካል የሚሉ አሉ፤ እኔ የሚለካው የወዳጆቹን ኪስ ነው እላለሁ። ያም ሆነ ይህ ክርክሩ ሳይካሄድ ቀረ፤ መስከረም 12 ቀን ክሊንተን 83 በመቶ፣ ታሲኒ 17 በመቶ አገኙ።

ኮነቲከት ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። ሊበርማን ለአራተኛ ጊዜ ለመመረጥ የቀረቡ፣ በ2000 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩ ሰው ስለነበሩ ስማቸው ከክሊንተን ብዙም አያንስም ነበር። ተፎካካሪያቸው ኔድ ላሞንት በኬብል ቴሌቪዥን ሥራ የበለጸጉ ነጋዴ ናቸው፤ ሚሊዮኖች ከራሳቸው ኪስ አውጥተዋል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ የእናንተ ዕጩ እንዲህ ያለ ሀብት ከሌላቸው መንገዳቸው ይረዝማል። ነገር ግን ሁሉን የወሰነው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። በኮነቲከት በቅድመ ምርጫ ለመቅረብ አንደኛው መንገድ በግዛቱ የፓርቲ ጉባኤ ላይ 15 በመቶ የተወካዮች ድምፅ ማግኘት ነው። የላሞንት ሰዎች ከተማ ለከተማ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ተወካዮቹን አንድ በአንድ አነጋገሩ፤ በግንቦት ወር ጉባኤው ሲሰበሰብም ላሞንት ሲሶ ያህሉን ድምፅ ይዘው ወጡ። የድምፅ አሰጣጡ ግልጽ ስለነበረ እያንዳንዱ ተወካይ በአካባቢው የፓርቲ አለቆች ፊት ነው «ላሞንት» ያለው። እንዲህ ያለ ድፍረት የሚገኘው አስቀድሞ በየሳሎኑ ብዙ ከተወራ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ዝምታ ለሊበርማን ውድ ሆነ። የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ልዩነቱ እየጠበበ መሆኑን ሲያሳዩ፣ እምቢ ማለት የንቀትና የፍርሃት ምልክት ሊሆንባቸው ነው። ሐምሌ 3 ቀን በቅድመ ምርጫው ቢሸነፉ በግል እንደሚወዳደሩ አስታወቁ፤ ሐምሌ 6 ቀን ደግሞ ከላሞንት ጋር በቴሌቪዥን ተከራከሩ። ሊበርማን ተፎካካሪያቸውን በአንድ ጉዳይ ብቻ የተንጠለጠለ፣ ልምድ የሌለው ሰው አድርገው ለማሳየት ጣሩ። ላሞንት የጠበቀ ተከራካሪ አልነበሩም፤ ግን አልወደቁም፣ ለጀማሪ ደግሞ አለመውደቅ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነሐሴ 8 ቀን 52 በመቶ ለ48 በመቶ አሸነፉ።

የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ሳልነግርዎ ባልፍ ጥሩ ባለሙያ አልባልም። ሊበርማን ቃላቸውን ጠብቀው በኅዳር በግል ተወዳደሩና ከሪፐብሊካንና ከገለልተኛ መራጮች ጭምር ድምፅ ሰብስበው 50 በመቶ ለ40 በመቶ ያህል ላሞንትን ረቱ። በብዙ ግዛቶች በቅድመ ምርጫ የተሸነፈ ሰው በዚያው ዓመት በግል ወይም በሌላ ፓርቲ ስም እንዳይቀርብ ሕግ ይከለክላል፤ ኮነቲከት ግን ይህ ሕግ አልነበራትም። ላሞንት ከዓመታት በኋላ፣ ከ2019 ጀምሮ፣ የግዛቷ አገረ ገዥ ሆነዋል።

ሁለቱን ውድድሮች ስናነጻጽር ከገንዘብና ከጉባኤው ሌላ አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታያል፤ ለእናንተም ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅመው እርሱ ይመስለኛል። ሊበርማን ጦርነቱን እስከ መጨረሻው ደገፉ። ክሊንተን ግን የ2002ን ድምፃቸውን ሳይተዉ የጦርነቱን አመራር አጥብቀው መንቀፍ ጀመሩ፤ ነሐሴ 2006 ውስጥ የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ ከሥልጣን እንዲወርዱ ጠየቁ። እንዲህ ሲሆን መራጩ «እርሳቸውም እየተቃወሙ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ተፎካካሪው የቆመበት መሬትም ይጠብባል። የእናንተ ነባር ተመራጭም ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ስለ ሰላም የሚያምር መግለጫ አውጥተው ድምፃቸውን ግን እንደነበረ ሊተዉት ይችላሉ። ስለዚህ የክርክር ጥያቄአችሁ «ስለ ጦርነት እንወያይ» የሚል እንዳይሆን። የሕግ ረቂቁን ቁጥር፣ ድምፁ የተሰጠበትን ቀን፣ የተፈቀደውን ገንዘብ ጥቀሱና «ዛሬ ይህ ረቂቅ ዳግመኛ ቢቀርብ አዎ ይላሉ ወይስ አይሉም?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ ጥያቄ ማምለጥ ከባድ ነው። ታሲኒ በ2006 መልስ ያላገኙለት ጉዳይ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ክሊንተንን በፕሬዚዳንታዊው ቅድመ ምርጫ ክርክሮች ላይ አግኝቷቸዋል፤ አጠገባቸው የቆሙት ባራክ ኦባማ ነበሩ፣ ገና በጥቅምት 2002 ቺካጎ ላይ ጦርነቱን በአደባባይ የተቃወሙት።

ክርክር ባይገኝስ? ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ ለዚህ ከ1968 የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ሴናተር ዩጂን ማካርቲ በኅዳር 1967 መጨረሻ የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው በራሳቸው ፓርቲ ፕሬዚዳንት በሊንደን ጆንሰን ላይ ሲነሡ ጆንሰን ሊከራከሯቸው ቀርቶ ስማቸውንም በኒውሃምፕሻየር የምርጫ ወረቀት ላይ አላስመዘገቡም፤ ደጋፊዎቻቸው ናቸው በእጅ እየጻፉ ድምፅ የሰጧቸው። ማካርቲ የነበራቸው መሣሪያ ከየዩኒቨርሲቲው የመጡ ወጣቶች ናቸው። ጸጉራቸውን ተቆርጠው፣ ጢማቸውን ላጭተው፣ በበረዶ ውስጥ በየቤቱ በር እያንኳኩ ወግ አጥባቂ የገጠር ሰዎችን በትሕትና አነጋገሩ። በጥር መጨረሻ የሰሜን ቬትናም ጦርና አጋሮቹ የቴት ጥቃት የሚባለውን ድንገተኛ ዘመቻ ሲከፍቱ መንግሥት ስለ ጦርነቱ ሲናገር የነበረው ሁሉ ተናጋ። መጋቢት 12 ቀን ጆንሰን 49 በመቶ፣ ማካርቲ 42 በመቶ አገኙ። በቁጥር ያሸነፉት ጆንሰን ናቸው፤ መጋቢት 31 ቀን ግን ዳግመኛ እንደማይወዳደሩ በቴሌቪዥን ለሕዝቡ ተናገሩ። አንድም ክርክር አልተደረገም። ማካርቲ በዚያ ዓመት የተከራከሩት ዘግይተው ከገቡት ከሮበርት ኬኔዲ ጋር ነው፤ ሰኔ 1 ቀን፣ ኬኔዲ ከመገደላቸው ጥቂት ቀናት በፊት።

ጦርነት ራሱ ለነባሩ ሰው ምክንያት እንደሚሆንም አስቀድማችሁ እወቁ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1980 መጀመሪያ አይዋ ላይ ከኤድዋርድ ኬኔዲ ጋር ሊያደርጉት ከተስማሙት ክርክር የወጡት ቴህራን ላይ የታገቱትን አሜሪካውያን ጉዳይ ምክንያት አድርገው ነው፤ መራጩም አልተቆጣቸውም፣ በግዛቷ የፓርቲ ምርጫ 59 በመቶ ለ31 በመቶ አሸነፉ። አገር በጭንቅ ላይ ስትሆን «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ሰው ይታመናል። እንዲህ ያለ መልስ ከመጣ ፈጥናችሁ አጭር መድረክ አቅርቡ፤ ተመራጩ በምክር ቤቱ ዕረፍት ወደ ወረዳቸው በሚመለሱበት ሳምንት፣ አንድ ሰዓት፣ በገለልተኛ አዘጋጅ። ቀኑና ቦታው ከታወቀ ሥራ መብዛቱን ማመካኘት ይከብዳል።

አዘጋጁን አስቀድሞ ማግኘት ከሁሉ ይቀድማል። «በፈለጉት ቦታ፣ በፈለጉት ሰዓት» የሚል ጥሪ ጀግንነት ይመስላል፤ ተቀባዩ ግን መልስ የሚሰጥበት ነገር የለውም። በ1920 የተመሠረተችው፣ በ1976፣ በ1980 እና በ1984 የፕሬዚዳንታዊ ክርክሮችን ያዘጋጀችው ሊግ ኦፍ ዊሜን ቮተርስ የተባለች ገለልተኛ የመራጮች ማኅበር በየአካባቢው ቅርንጫፍ አላት፤ የዕጩዎች መድረክ ታዘጋጃለች፣ በጽሑፍ ለምትጠይቃቸው ጥያቄዎች የሰጡትንም መልስ ጎን ለጎን ታትማለች። ኮሌጆችና የአካባቢ ጋዜጦችም አሉ። ግብዣው ከአዘጋጁ ሲሄድ እምቢታው የሚሆነው ለእናንተ ሳይሆን ለመራጩ ነው፤ ጋዜጠኛም እንዲህ ያለውን እምቢታ ይዘግበዋል።

የሐበሻ ቤተ ክርስቲያኖች፣ መስጊዶችና የማኅበረሰብ ድርጅቶችም ማዘጋጀት ይችሉ ይሆን ብለው አስበው ከሆነ አዎ፣ ይችላሉ፤ ግን በጥንቃቄ። እንዲህ ያሉ ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች አንዱን ዕጩ መደገፍ ወይም መቃወም እንደማይችሉ ከ1954 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል። ስለዚህ ግብዣው ለሁሉም ዕጩዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ደብዳቤ ይሂድ፤ አወያዩ የማንም ዘመቻ አባል አይሁን፤ እርስዎ ራስዎ በጎ ፈቃደኛ ስለሆኑ ከዝግጅት ኮሚቴው ይራቁ። ማኅበረሰባችን ይህን ለመሥራት አቅም የለውም የሚል ካለ አልስማማም። የተወካዮች ምክር ቤቱ በሚያዝያ 2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ያጸደቀው ኤች አር 128 የተባለው ውሳኔ እዚያ የደረሰው የእኛ ሰዎች ከተወካይ ቢሮ ወደ ተወካይ ቢሮ እየሄዱ ለወራት ስለወተወቱ ነው። ጦርነት ምን እንደሆነ ደግሞ ከዜና ያልተማሩ፣ ወንድም የቀበሩ፣ ከቤተሰብ ጋር የስልክ መስመር ተቆርጦባቸው የከረሙ ሰዎች በየጉባኤው ተቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች ተነሥተው በትሕትና የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ስለ ትሕትና ካነሣሁ፣ በአሜሪካ ክርክር የሚሸሽን ዕጩ፣ ፈሪ ነው ለማለት፣ የዶሮ ልብስ በለበሰ ሰው ማስከተል የቆየ ልማድ ነው፤ በ1992 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን እንዲህ አድርገዋቸዋል፣ ኋላም ተከራክረዋል። በዘመቻችሁ ውስጥ ይህን የሚያቀርብ ወጣት አይጠፋም። እባክዎ ይከልክሉት። በግብርና በመንገድ ጉዳይ ይሁን፤ ሰው ስለሚሞትበት ጉዳይ በምታነሡት ጥያቄ ውስጥ ግን መሳለቂያ ሲገባ የሞቱትን ያሳንሳል፣ ነባሩንም ሰው የተበደሉ ሽማግሌ ያስመስላቸዋል። ይልቅ ተመራጩ ሕዝብ በሚያነጋግሩበት ስብሰባ ላይ የወረዳቸው ነዋሪዎች ሆናችሁ ተገኙ፤ አንድ ሰው፣ አንድ አጭር ጥያቄ፣ ስለ አንድ ድምፅ። መልሱን ቃል በቃል መዝግቡና አሰራጩ። ክርክር ባይኖርም የተናገሩት ቃል በእጃችሁ ይኖራል።

ጉልበታችሁን ሁሉ ግን በክርክር ጥያቄ ላይ አታፍስሱ። ብዙ ዘመቻዎች ያለቁት እንዲህ ነው፤ የዕጩው ስም በጋዜጣ የሚነሣው «ተከራከሩኝ» ሲል ብቻ ይሆንና መራጩ ሌላ የሚያውቀው ነገር ያጣል። በቅድመ ምርጫ የሚወጣው መራጭ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስለሆነም በር ማንኳኳት ለውጥ ያመጣል።

በመጨረሻም ስለ ሜሪላንድ። የእናንተ ግዛት ቅድመ ምርጫ ዝግ ነው፤ በፓርቲው ያልተመዘገበ ሰው በፓርቲው የኮንግረስ ዕጩ ምርጫ ላይ ድምፅ አይሰጥም። ከእኛ ሰዎች መካከል ዜግነት ሲያገኙ «ገለልተኛ» ብለው የተመዘገቡ ብዙዎች ናቸው፤ በምርጫው ዕለት መጥተው ሲመለሱ ማየት ያሳዝናል። የፓርቲ ምዝገባ መለወጥ የሚቻለው ከቅድመ ምርጫው በፊት እስከተወሰነ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ቀኑን ከካውንቲው የምርጫ ቦርድ ዛሬውኑ ይጠይቁና ለሚያውቋቸው ሁሉ በአማርኛ ጽፈው ያድርሱ። በግሪን ካርድ ያሉ ወዳጆችዎ ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ ማገልገልም፣ ገንዘብ መለገስም ይፈቀድላቸዋል፤ መራጭ ሆነው መመዝገብ ግን ፈጽሞ የለባቸውም፣ በስሕተት እንኳ ቢሆን መኖሪያ ፈቃዳቸውንና የነገ ዜግነታቸውን አደጋ ላይ ይጥላል። ቅጽ የምታስሞሉ ከሆነ ከሁሉ አስቀድማችሁ ስለ ዜግነቱ ጠይቁ።